የካሣው መጠንና የቆጠራው ቀን



በሙያችን ሁላችን የምንቀበለው አንድ ሕግ አለ። መለኪያው ትክክል ቢሆንም እንኳ የሚነበብበት ጊዜ ካልታሰበበት ንባቡ ያሳስታል። የወንዝን ሙላት በበጋ ለክቶ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የለም። ይህንኑ ሕግ ዛሬ ከግንባታ ውጭ በሆነ ጉዳይ፣ ይኸውም በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች በከፈለው የእርዳታ ገንዘብ ላይ ልመለከተው እወዳለሁ።

በነብራስካ ግዛት ቼሪ ካውንቲ የተባለ አውራጃ አለ። ስፋቱ ከ15 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ነዋሪው ግን 6 ሺህ አይሞላም። አብዛኛው ምድር ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ስለሆነ ከእርሻ ይልቅ ለግጦሽ ይስማማል። ብዙው አርቢ በጸደይ የተወለደለትን ጥጃ አሰማርቶ በኦክቶበርና በኖቬምበር ገደማ ይሸጣል፤ የዓመት ገቢውም በዚያ ሽያጭ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ምግብ ቤቶች ተዘጉ፤ የቄራ ሠራተኞች በበሽታው ስለተያዙ እርድ ተስተጓጎለ፤ የከብት ዋጋም ወደቀ። መንግሥት በኤፕሪል ወር 16 ቢሊዮን ዶላር ለቀጥታ ክፍያ መመደቡን አስታወቀ። በየአውራጃው ያሉት የእርሻ ቢሮዎች ከሜይ 26 ጀምሮ ማመልከቻ ሲቀበሉ፣ አርቢው የከብቱን ቁጥር በራሱ ማረጋገጫ አስመዘገበ። ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው።

ችግሩ የነበረው በተመኑ ላይ ነው። ክብደቱ ከ600 ፓውንድ በታች የሆነ ጥጃ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ተሽጦ ከሆነ 102 ዶላር ይከፈልበት ነበር። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባለው ጊዜ በባለቤቱ እጅ የተቆጠረ እንደሆነ ግን የሚከፈልበት 33 ዶላር ብቻ ነበር። እንግዲህ 100 ጥጃ ቀድሞ የሸጠው 10,200 ዶላር ሲያገኝ፣ 100 ጥጃ ይዞ የቆየው 3,300 ዶላር አገኘ። ከሜይ 14 በኋላ የተወለደ ጥጃማ ከነጭራሹ አልተቆጠረም።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያለ ምክንያት አልሠሩትም። የሸጠው ሰው ኪሣራ የታወቀ ሲሆን፣ ያልሸጠው ገና ገበያ አልወጣም። ነገር ግን በመጸው የሚሸጥ አርቢ በጸደይ ሽያጭ ሲለካ፣ የተለካው ጉዳቱ ሳይሆን የሥራው ወቅት ነው።

በሴፕቴምበር 2020 እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ሁለተኛ ክፍያ ታወጀ። ለዘር ከተያዙት በስተቀር ለእያንዳንዱ ከብት 55 ዶላር ተወሰነ፤ የቆጠራውም ጊዜ ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 ሆነ። በሁለቱም ዙር የተቆጠረ ጥጃ 88 ዶላር አስገኘ፤ ዘግይቶ የተወለደውም 55 ዶላር ደረሰው። ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ፤ ይሁን እንጂ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ አርቢው ይህ ገንዘብ እንደሚመጣ ሳያውቅ ስለ ብድሩና ስለ ክረምት ድርቆሹ መወሰን ነበረበት።

ከዚህ የምንማረው፣ በአደጋ ጊዜ የሚወጣ የካሣ ደንብ ፈጣን ለመሆን ሲል ግምታዊ ቢሆን እንደማያስነቅፍ ነው። የሚያስነቅፈው የመጀመሪያውን ንባብ እንደ መጨረሻ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ቆጠራ መቼ እንደሚካሄድና ልዩነቱ እንዴት እንደሚካካስ ከመጀመሪያው ደንብ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። ያን ጊዜ ባለ ከብቱ ምን እንደሚጠብቅ አውቆ ያድራል።