የመተማ ምድርና የልጆች እጅ

በደብር በዓል ቀን ስለ ድንጋይና ስለ ዓሣ አጥንት መነገሩ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ኢዮቤልዩ የሚከበረው ያለፈው ዘመን እንዳይረሳ ነውና፥ ደብሩ የተተከለበት ምድር ያሳለፈውን ዘመን ማሰብም ከበዓሉ ውጭ አይደለም።

መተማ በተባለ ጊዜ በሰው ልብ ቀድሞ የሚመጣው፥ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሽ ጋራ ተዋግተው የወደቁበት ስፍራ መሆኑ ነው። ይህንንም ልጆች ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተው ያውቁታል። ከዚያ አስቀድሞ በዚህ ቆላ ማን ይኖር ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

መልሱ ከሽንፋ ወንዝ ዳር ተገኝቷል። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆን ካፕልማን፥ ከኢትዮጵያና ከሌላ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆነው በዚያ ቆፍረው ያገኙትን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በሚባለው መጽሔት አወጡ፤ ስፍራውንም ሽንፋ መተማ 1 ብለው ጠሩት። የተገኘውም ከድንጋይ የተፈለጡ ስለቶች፥ የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ ሹል ድንጋዮች፥ በስለት የተጫረና በእሳት የተለበለበ የአውሬ አጥንት፥ የዓሣ አጥንት፥ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው። ከዚህም ሁሉ ጋራ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ የመስተዋት ብናኝ ተገኘ። ይህ ብናኝ በሱማትራ ደሴት ያለው ቶባ የተባለው የእሳት ተራራ ከ74000 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ ጊዜ በነፋስ የመጣ ነው። ከዚያም በኋላ በጋው እንደ ከፋ፥ ሰዎቹም ከአውሬው ይልቅ ወደ ዓሣው እንዳዘነበሉ አጥንቱ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ፥ ይህ ቁጥር ከባሕረ ሐሳብ ጋራ እንዴት ይስማማል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ሊናቅ አይገባውም። ባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለምን የሚቈጥረው በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት ነው፤ ሊቃውንቱ የሚቈጥሩት ግን የአመዱን ዕድሜ ነው። ልጅ ሁለቱን ቢሰማ ሃይማኖቱ አይናጋም፤ የሚናጋው ጥያቄውን ይዞ ወደ አባቶቹ በመጣ ጊዜ ተቈጥቶ የሚመልሰው ሲያገኝ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች እንዴት ይነገራቸው? በጥቁር ሰሌዳ 74000 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ልጁም ይገለብጠዋል፥ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይረሳዋል። በእጁ የሠራውን ግን አይረሳም። ቆዳ የነከረ፥ የፋቀና የወጠረ ተማሪ፥ ስለ ብራና ሲነገር ከሰማ ተማሪ ይልቅ ብራናን እንደሚያውቅ አባቶች የምታውቁት ነው።

መምህሩ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ያዘጋጅ። ልጆቹ ሳያዩት ከሥሩ ጠጠርና የድንጋይ ፍንካች፥ ከዚያ በላይ አመድና የተቃጠለ አጥንት፥ ከዚያ በላይ የጀበናና የእንስራ ገል፥ ከሁሉ በላይ የጠርሙስ ቆርኪ ያኑር፤ በመካከሉም አሸዋ ይሙላበት። በማግሥቱ ልጆቹ ሣጥኑን በሲባጎ ከፋፍለው፥ በማንኪያና በብሩሽ ቀስ እያሉ ይጥረጉ፤ አፈሩንም በወንፊት ይንፉ። አንዱን ነገር ከማንሣታቸው በፊት በየትኛው ክፍል፥ በስንት ሴንቲሜትር ጥልቀት እንደ ነበረ ይጻፉ። ከልጆቹም አንዱ ቸኩሎ ገሉን መንጭቆ ማውጣቱ አይቀርም። አይቈጡት። «ከአመዱ በላይ ነበረን? ወይስ ከአመዱ በታች?» ብለው ብቻ ይጠይቁት። ያን ጊዜ ዝም ይላል፤ ከትምህርቱም ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝምታ ነው። ከንባቡ ተነቅሎ ብቻውን የቆመ ቃል ለትርጓሜ እንደሚያስቸግር፥ ከቦታው የተነሣ ገልም እንዲሁ ነው፤ ገልነቱ ይቀራል፥ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል።

ሁለተኛው ትምህርት ከወንዝ ዳር ነው። ዝናብ ባቆመ ጊዜ ሽንፋ እየጐደለ ሄዶ በየስፍራው ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ በኩሬውም ውስጥ የቀረውን ዓሣ መያዝ ይቀላል። ልጆቹ ከታላላቆች ጋራ ሄደው ይህን ይዩ፤ ዓሣም ጠብሰው ይብሉ (የጾም ቀን እንዳይሆን መምህሩ አስቀድሞ ይጠንቀቅ)። ከዚያም እሳቱ ሲጠፋ ከአመዱ ውስጥ ምን እንደ ቀረ ይልቀሙ። የፍየል ሥጋም በስለታም ድንጋይ ከአጥንቱ ቢለዩ፥ በአጥንቱ ላይ የሚቀረውን ጭረት በዓይናቸው ያዩታል። ድንጋዩን የሚፈልጠው ግን ትልቅ ሰው ይሁን፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ከጉሙዝ ሽማግሌዎችም ቀስትና ፍላጻ መሥራት የሚያውቅ ቢገኝ ይጠራ፤ እንደ መምህርም ይከበር። ልጆቹ የጥንት ሰው ምሳሌ አድርገው እንዳይመለከቱት ይነገራቸው፤ እርሱ እንደ እነርሱ የዛሬ ሰው ነውና።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በዚህ ቆላ ሰፊው መሬት ለሰሊጥና ለጥጥ በትራክተር ይታረሳልና ነው። ማረሻው ያወጣውን የተፈለጠ ድንጋይ ቀድሞ የሚያየው ሊቅ አይደለም፤ ከብት የሚጠብቅ ወይም አረም የሚያርም ልጅ ነው። ያ ልጅ አንሥቶ በኪሱ ቢከተው፥ ወይም ለመንገደኛ ቢሸጠው፥ የሚመልሰው የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ነገር ግን ልጁ ያየው ነገር ቅርስ መሆኑን ካላወቀ አዋጁ ምን ያደርግለታል? ጥይት ወይም የጥይት ቀለህ የሚመስል ነገር ቢያገኝ ደግሞ ጨርሶ አይንካው፤ ሮጦ ለታላላቆች ይንገር።

ደብሩም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግን አይቈፈር፤ የሙታን ማረፊያ ነውና፥ ለልጆቹ ሣጥኑ ይበቃቸዋል። ይልቁንስ በዓመት አንድ ቀን ገበዙ ከዕቃ ቤት ሊታይ የሚገባውን ለይተው፥ አሮጌውን ከበሮ፥ መቋሚያውን፥ የተቀደደውን የብራና ቅጠል ያሳዩአቸው። ልጆቹ እጃቸውን ሳያሳርፉ ይሣሉት፥ ርዝመቱን ገበዙ ሲለኩ ይጻፉት፥ ማን እንደ ሰጠውና ከየት እንደ መጣ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ከሥዕሉ ሥር ያስፍሩት። ወረቀቱም ከደብሩ መዝገብ ጋራ ይቀመጥ።