መጫወት «ትችላለች» እና መጫወት «አለባት»

በሐይቅ ከተማ በተደረገው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር

 

አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ስኳርና ደም ግፊት በእኛ ዕድሜ» የሚል ነበር። ዕድሜያችንን ስለማውቀው ርዕሱ ተገቢ ነው። ወረቀቱም ተዘጋጅቷል፤ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ስትወጡ ውሰዱ። ትናንት ማታ እራት ላይ የሆነው ነገር ግን ሐሳቤን አስቀየረኝ።

ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ዓሳው ቀርቦ ነበር፤ ቀዘቀዘ። የቀዘቀዘው በክርክር ነው። ክርክሩ ስለ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድናችን፣ በተለይም ስለ ጋርዶቹ ነበር። አንደኛው ወገን «ባለ 7 ቁጥሯ ካልተመለሰች ቡድን የለንም፤ ኳሱን እሷ ይዛ ትውጣ፣ አዲሷ ልጅ ወደ ሁለተኛ ጋርድ ትዙርና ሦስት ነጥብ ትወርውር» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የአንደኛ ዓመቷ ልጅ ፈጣን ናት፣ ግራ እጇም ይሠራል፤ የሚቀጥሉት ዓመታት አሰላለፍ በእሷ ዙሪያ ይገንባ» ይላል። ሦስተኛ ወገንም ነበረ፤ ረጅሟን 12 ቁጥር ከክንፍ አምጥቶ ጋርድ ሊያደርጋት የሚፈልግ። ይህ ሐሳብ የመጣው ከአንድ የተከበሩ መምህራችን ነው፤ ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸው ያውቁታል።

ከዚያ አንዱ የድሮ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረና፣ «ዶክተርዬ፣ ልጅቷ ቀዶ ጥገና ካደረገች ሰባት ወሯ ነው። እንግዲህ መጫወት ትችላለች አይደል? አንድ ቃል በይና እንገላገል» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ዝም ብሎ አፍ አፌን አየ። «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ይኸው ነገ ደረሰ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ የልጅቷ ሐኪም አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ደግሞ በዚህ መድረክ ስለ ጉልበቷ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። የምናገረው ሁላችሁም ሜዳ ዳር ሆናችሁ ያያችሁትን፣ እሷም ራሷ የነገረቻችሁን ነው።

ክርክሩን አልጠላሁትም። አሰላለፍ ላይ መከራከር የደጋፊ ደስታው ነው፤ እኔም ከማናችሁም ባላነሰ እከራከራለሁ። ጋርድ ደግሞ የሚያከራክር ቦታ ነው። ኳሱን በ8 ሴኮንድ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ ማሻገር አለባት፤ ቡድኑ በ24 ሴኮንድ ውስጥ እንዲወረውር ማቀናጀት አለባት፤ ከፊቷ የቆመችውን ተከላካይ አታላ ማለፍ አለባት። ይህን ሁሉ የምታደርገው በምንድን ነው? በሙሉ ፍጥነት እየሮጠች ድንገት በመቆም፣ በአንድ እግር ተክላ በመዞር፣ ዘልላ በማረፍ። እኛ የምናጨበጭብላት ለእነዚህ ለሦስቱ ነው። ጉልበት የሚበጠሰውም በእነዚሁ በሦስቱ ነው።

ጉልበት ውስጥ ሁለት ጅማቶች ተጠላልፈው መስቀል ሠርተው ይቀመጣሉ። የፊተኛው፣ በሕክምና አጠራሩ ኤሲኤል፣ የታችኛው አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ጉልበቱም ሲዞር እንዳይከዳ ይይዛል። ብዙ ሰው ይህ ጅማት የሚበጠሰው በግጭት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም ሳይነካት፣ ቆም ብላ ዞር ስትል ነው የሚበጠሰው። በተመሳሳይ ስፖርት ደግሞ ሴቶች ከወንዶች ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይጎዳሉ።

አሁን ትንሽ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ወደ ሰሜን ብንነዳ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17ን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም ይችላሉ አለ፤ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። «ይችላሉ» እና «አለባቸው»። በሁለቱ ቃላት መካከል የነበረው ልዩነት አድዋ ድረስ ወሰደን።

እኔ ሐኪም ሆኜ በየጊዜው የማየው ስህተት ይኸው ነው። ሐኪም «ትችላለች» ይላል፤ ደጋፊ «አለባት» ብሎ ይሰማል። አሰልጣኙም እንደዚያው ይሰማል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ተጫዋቿ ራሷ እንደዚያ ስትሰማ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ዛሬ እዚህ መካከላችን ያለች አንዲት ጓደኛዬ የግቢያችን ቡድን የመጀመሪያ ጋርድ ነበረች። ልናገር ብዬ ለምኛት ፈቅዳልኛለች። በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ኳስ ይዛ ስትቆም ጉልበቷ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ወደቀች። እስኪመሽ ጉልበቷ አብጦ ድንች መስሎ ነበር። ድምፅ ከተሰማ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንዲህ ያበጠ ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው።

ፍጻሜው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። እብጠቱ ጎደለ፤ ማንከሷንም ተወች። እኛ ደጋፊዎቹ ደግሞ በየምሽቱ ዶርም ውስጥ አሰላለፍ እናወጣ ነበር። በእሷ ቦታ እገሊትን፣ እገሊትን ደግሞ ወዲያ። ብናዞረው ብናዞረው አልሞላ አለን፤ ሌላ ጋርድ አልነበረንም። በዋዜማው አልጋዋ ላይ አስተኝቼ መረመርኳት። ጉልበቷን ትንሽ አጠፍ አድርጌ፣ ጭኗን በአንድ እጄ ይዤ፣ የታችኛውን አጥንት በሌላው ወደ ፊት ሳብኩ። የቀኙ ተወጥሮ እንደታሰረ ገመድ ቀጥ አለ። የግራው መጣ፤ መጣ፤ ማቆሚያ አልነበረውም።

አውቄዋለሁ። ኤምአርአይ አላስፈለገኝም፤ እጄ ነግሮኛል። አፌ ግን ምን አለ? «ትንሽ ላላ ብሏል። አብሽሪ፣ ትችያለሽ።»

የቡድናችን ወጌሻ እኮ «ይቺ ልጅ ትቆይ» ብሎ ነበር። የእሱን ቃል የሻርኩት እኔ ነኝ፤ ነጭ ጋወን ለብሼ። ማንም አላስገደደኝም። ፈልጌ ነበር፤ ዋንጫውን ፈልጌ ነበር።

በሦስተኛው ሩብ ጨዋታ ቆም ብላ ልትዞር ስትል ጉልበቷ ከዳት። በሁለት ነጥብ አሸነፍን። እሷ የመጨረሻውን ፊሽካ የሰማችው ተኝታ ነው። በኋላ ሲታይ ከጅማቱ ሌላ የጉልበቱ ትራስ፣ ሜኒስከስ የምንለው፣ ተቀድዷል። ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜዋ የአሮጊት ጉልበት ይዛ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም አብረን ሄደን፣ የመጨረሻውን ዳገት እኛ ስንወጣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ታች ቁጭ ብላ ጠበቀችን። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። ይህ አይቀልልም፤ ይከብዳል።

ዛሬ ጠዋት «እንግዲህ ልናገር ነው» ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ንገሪያቸው። ግን እኔም መጫወት እፈልግ እንደነበር አብረሽ ንገሪያቸው።» እውነቷን ነው። ትፈልግ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ግቢው በሙሉ ስሟን እየጠራ፣ አልፈልግም ልትል አትችልም። «ራሷ ፈልጋ ነው የገባችው» የሚለውን ነገር እኔ ከዚያ ወዲህ አልቀበለውም። ፍላጎቷን ያቀጣጠልነው እኛ ነን።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የቺካጎ ቡልሱ ጋርድ ዴሪክ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ነበር። በሚያዝያ 2012 ግራ ጉልበቱ ተበጠሰ። በቀጣዩ ዓመት ሐኪሞች መጫወት ይችላል አሉ። እሱ ግን ገና ነኝ ብሎ የውድድር ዘመኑን በሙሉ ተቀመጠ። ደጋፊው፣ ጋዜጠኛው ምን ያላለው አለ! ሐኪሙ «ይችላል» ብሎ ሳለ እንዴት ይቀመጣል? ያው አንቀጽ 17 ነው። ያም ሆኖ በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ ተቀደደ። ይህን የምነግራችሁ መታገስ ዋስትና ነው ብዬ እንዳላታልላችሁ ነው። ዋስትና የለም። ሮዝ ግን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ተጫውቷል።

ለእኛ የሚቀርበው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን ነው፤ እነሱም እንደኛ ተማሪዎች ናቸው። ጋርዷ ፔጅ ቤከርስ በነሐሴ 2022 ኤሲኤሏ ተበጥሶ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተችም። ሌላዋ ጋርድ አዚ ፈድ በኅዳር 2023 ያው ደረሰባት፤ እሷም የዚያን ዓመት ቀሪ ጨዋታዎች አልተሰለፈችም። ቡድኑ ሌሎች ልጆችን ወደ ቦታቸው እያስገባ ቀጠለ። በሚያዝያ 2025 ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰልፈው ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ፈድ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር ኮከብ ተባለች።

እንግዲህ የትናንቱን ጥያቄ ልመልስ። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ውድድር ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያስፈልጋል። ወሩ መሙላቱም ብቻውን አይበቃም፤ የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ጋር ተለክቶ ሊቀራረብ፣ በአንድ እግር የመዝለል ፈተናውም ሊታለፍ ይገባል። ወደ ስፖርት ከሚመለሱ ወጣቶች ከአራት አንድ የሚጠጉት አንዱን ወይም ሌላውን ጉልበት ዳግመኛ ይጎዳሉ። ስለዚህ በሰባተኛ ወር የተጠየቀ ጥያቄ መልሱ «ገና» ነው። በዘጠነኛው ወር «ትችላለች» ከተባለም፣ የምትመለስበትን ቀን የምትቆርጠው እሷ እንጂ የእኛ ጠረጴዛ አይደለም።

አሰላለፍ ስጪ ካላችሁኝም እሰጣለሁ። የአንደኛ ዓመቷ ልጅ ኳሱን ይዛ ትውጣ። ትሳሳታለች፤ ትሳሳት፤ ኳስ ይነጠቅባታል፤ አታጉረምርሙባት። 12 ቁጥሯ ባለችበት ክንፍ ትቆይ፤ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለ 7 ቁጥሯ ደግሞ ከአሰልጣኙ አጠገብ ትቀመጥ፤ ጨዋታ ማንበብ ጉልበት አይፈልግም፤ ለታናሿ ታስተምራት።

ለትጥቅ ካዋጣነው ገንዘብ ደግሞ ከፊሉ ለውድድሩ ዘመን ፊዚዮቴራፒስት ለመቅጠር ይዋል ብዬ እለምናለሁ። ከልምምድ በፊት የሚሠራ፣ አወራረድንና አቋቋምን የሚያስተምር የሃያ ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በሴት ተጫዋቾች ላይ ይህን ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ለአዲሷ ልጅ ነው። ስለ እሷ ማንም ትናንት አልጠየቀኝም፤ ጉልበቷ ገና ጤነኛ ነዋ።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ቃል ለእናንተ። ባለ 7 ቁጥሯ የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችሁ ናት። በኳስ ደሞዝ አትበላም፤ ነገም አትበላበት ይሆናል። ከግቢያችን ይዛ የምትወጣው ዲግሪዋንና ጉልበቷን ነው። ሁለቱንም ሙሉ አድርገን እንሸኛት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ጓደኛዬና እኔ በዝግታ ነው የምንሄደው፤ ከእኛ ጋር መሄድ የሚፈልግ ካለ ደስ ይለናል። ክርክሩንም እዚያው እንቀጥላለን።