ከሙዚየም ስመለስ
(የማኅበራችን ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አየሁ። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ሆነ፤ ተቋሙም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ሰው ሁሉ የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ይሮጣል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃው በብሔረሰብ አልተከፋፈለም፤ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞት እየተባለ የየአገሩ ሰው ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁላችንም ተወልደን የምንሞት አይደለን?

እዚያው ቆሜ የኛን ቤቶች አሰብኩ። አኙዋክ ለጥሎሽ የሚሰጠው ድሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ፣ የኑዌር የወተት ቅል፣ የመዠንግር የማር ቀፎ በስንቱ ቤት ቀርቷል? በኔ ቤት ቅሉ ተሰብሮ ጀሪካን ተተክቷል፤ ልጄ ስሙንም አያውቀው።

ስለዚህ አደራ፣ አሮጌ ዕቃ ያላችሁ ከመሸጣችሁ ወይ ከመጣላችሁ በፊት አሳዩን። አንወስድባችሁም፣ እዚያው ቤታችሁ ይቀመጥ። ስሙንና አገልግሎቱን ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቀን፣ በየቋንቋው በደብተር እንጽፋለን። ደብተሩን ገዝቻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ቤት እጠብቃችኋለሁ።