ፊት ያለው መረጃ፦ የአንጎል ምስሎችን ለሁሉም ስለ መክፈት



የአንጎል ምስሎችን መዝገብ በኢንተርኔት ማኖር ለብዙዎች የማከማቻ ቦታ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ከችግሩ ሁሉ ቀላሉ ግን ይኸው ነው። የአንዱ ላቦራቶሪ ፋይል ለሌላው እንዲነበብ ቢድስ የተባለ የፋይል አሰያየምና አደራደር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ ኦፕንኒውሮ የተሰኘው የስታንፎርድ መዝገብም ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ ጥናት አይቀበልም። ለአጥኚው አሰልቺ ነው፤ ያለ እርሱ ግን መዝገቡ መጋዘን ይሆናል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፊት ነው። ኤምአርአይ አንጎልን ሲያነሣ አፍንጫንና አገጭንም አብሮ ያነሣልና ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት የ84 በጎ ፈቃደኞችን የራስ ምስል ከፎቶግራፎቻቸው ጋር በፊት መለያ ሶፍትዌር አስተያይቶ የ70ውን ማንነት በትክክል ለይቷል። አንዴ የወረደ ፋይል ደግሞ መልሶ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ምስሉ ከመለቀቁ በፊት የፊቱ ክፍል በፕሮግራም ይቆረጣል። ከመጠን ካለፈ አንጎሉ ይነካል፤ ካነሰ ሰውየው ይታወቃል። በእኔ አስተያየት እያንዳንዱን የተቆረጠ ምስል ሰው በዐይኑ ሊያየው ይገባል። የፈቃድ ቅጹም «ለተመራማሪዎች ይሰጣል» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ማንም ሰው፣ ከየትኛውም አገር፣ ሳያስፈቅድ ሊያወርደው እንደሚችል ፈቃደኛው ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።