የሚያፈስ ራዲያተር
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው አሮጌ ላንድሮቨርና ቶዮታ ለያዛችሁ ነው። ቮልስ ያላችሁ ዕረፉ፤ የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

«አገራችን ደጋ ነው፣ ሞተር አይግልም» እንላለን። ስሕተት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መፍላቱን የሚያዘገየው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ውኃ የሚያፈስ ካለ ግፊቱም አብሮ ይጠፋል።

እንቁላል ሰብረን ራዲያተር ውስጥ የጨመርን አለን፤ አንሸሽገውም! የአባይን በረሃ አሻግሮ ደጀን ያደርስ ይሆናል። ግን ቀዳዳውን የደፈነው እንቁላል ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎችም ይደፍናል።

ይልቅስ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የማኒኮቶውን ጫፍና የውኃ ፓምፑን ሥር እንይ። የደረቀ ዝገት ወይም ነጭ ምልክት ካለ ማፍሰሻው እዚያ ነው። ማሰሪያው ከላላ ይጥበቅ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የድሮ ራዲያተር መዳብና ነሐስ ስለሆነ በስታኞ ይበየዳል።

ምንም ሳያፈስ ውኃው ከጎደለስ? ዘይቱን እንይ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ መኪናው ይቁም።

በጋለ ሞተር ላይ ክዳን አይከፈት፤ ፊት ይልጣል። ረዳት ልጆችንም «ሂድ ክፈተው» ብለን አንላክ።