ስለ 194,313 ቍጥር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሒሳብ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ ቍጥር ልንነግራችሁ ቆመናል። ቍጥሩ 194,313 ነው። ሲያዩት ከሌላው የሚለይበት ነገር ያለው አይመስልም። ሲተነተን ግን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል፤ አራቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው። ይህም ቍጥር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ቀኖች ድምር ነው።

የሰፈራችን ስም አብነት ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚያስተምሩትም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤዎች የአብነት ትምህርት ቤት ይባላሉ። እኛም ሊቃውንቱ በቃል ይዘው ያቆዩትን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ልንመረምረው ወደድን።

ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ዮሐንስ እያንዳንዳቸው 365 ቀን አላቸው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ 366 አለው። ድምሩ 1,461 ነው፤ ይኸውም 3 × 487 ማለት ነው።

ጨረቃ ግን ከፀሐይ ጋር ወደ መነሻዋ ለመመለስ 19 ዓመት ያስፈልጋታል፤ ይህ ንዑስ ቀመር ነው። 4ና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ወንጌላዊውና ጨረቃ አብረው የሚመለሱት በ76 ዓመት ነው፤ ይህም ማዕከላዊ ቀመር ይባላል። ቀኑ 27,759 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ስለዚህ ማክሰኞ የጀመረው ዘመን ከ76 ዓመት በኋላ ቅዳሜ ይጀምራል። ዕለቱም እንዲገጥም 7 ጊዜ መደጋገም ግድ ሆነ፤ 76 × 7 = 532።

ማስረጃውን እንመልከት። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ። 532 ቢቀነስ 1485 ዓ.ም. ይሆናል፤ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት የዋለው የዚያ ዓመት ፋሲካም ሚያዝያ 12 ነበረ። በ2549 ዓ.ም. ደግሞ እንዲሁ ይውላል። አሁን ያለንበት 15ኛው ዐቢይ ቀመር መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ማክሰኞ ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል።

እውነቱን ለመናገር፣ አቆጣጠራችን በ532 ዓመት ውስጥ ከፀሐይ 4 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1582 በሮማ የወጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለፀሐይ ይበልጥ ይቀርባል፤ ነገር ግን የፋሲካው ሠንጠረዥ ዞሮ የሚገጥመው በ5,700,000 ዓመት ነው። የእኛን አንድ ተማሪ በአንድ ደብተር ጽፎ ይጨርሰዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሒሳብ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ነው ብለው ይሸሹታል። የጋራ አካፋይ የሚለው ትምህርት ግን በየዓመቱ ጾማችንን የምንጀምርበትን ቀን ሲወስን ኖሯል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በጎረቤታችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባት ቢኖሩ ወደ ክፍላችን እንዲመጡልን ለምኑልን። እርሳቸው ቀመሩን ይነግሩናል፤ እኛም ምክንያቱን በሰሌዳ ላይ እናሳያለን።