ምልጃ ሌላ፣ ትዕዛዝ ሌላ



በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ እንወያያለን። ልጅ ለጋብቻ ሲደርስ ውሳኔው የማን ነው? ወላጅ «አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁት እኔ ነኝ» ይላል። ልጅ ደግሞ «አብሬ የምኖረው እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ኅብረተሰቦች ይህን ጥያቄ በተለያየ መንገድ ይፈቱታል። በምዕራቡ ዓለም በአብዛኛው ተጋቢዎቹ ይወስናሉ፤ ለቤተሰብ ይነገራል። በአገራችን በብዙ ቦታ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይዛመዳል። ልጅቷ አንዳንዴ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ኢስላምስ ምን ያስተምራል?

በቡኻሪ የተዘገበውን የበሪራን ታሪክ እንመልከት። በሪራ ባሪያ ነበረች፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነፃ አወጣቻት። ባሏ ሙጊስ ግን ገና በባርነት ላይ ነበር። ስለዚህ አብራው የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝነውለት ብትመለስለት መልካም እንደሆነ ነገሯት። እርሷም ትዕዛዝ መሆኑን ጠየቀቻቸው። ትዕዛዝ ሳይሆን ምልጃ ብቻ እንደሆነ መለሱላት። ያን ጊዜ እንደማትፈልገው ገለጸች። እርሳቸውም አላስገደዷትም።

ልብ እንበል! ከአላህ መልእክተኛ የበለጠ ክብር ያለው አማላጅ የለም። ሆኖም ትናንት ባሪያ የነበረች ሴት እምቢ ማለት ቻለች። በሌላ በኩል ነቢዩ ነገሩ አያገባኝም ብለው ዝም አላሉም፤ መክረዋል። ኸንሳእ ቢንት ኺዳምም አባቷ ያለ ፍላጎቷ በዳራት ጊዜ ለነቢዩ አቤት ብላ ጋብቻው ፈርሶላታል።

ታዲያ ወሊይ ለምን አስፈለገ? የሻፊዒይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ መዝሀቦች ያለ ወሊይ ኒካሕ አይጸናም ይላሉ። የሐነፊይ መዝሀብ ግን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ መዋዋል እንደምትችል ያስተምራል። በየትኛውም ቢሆን የመልካም ወሊይ ሥራ የሰውየውን ዲንና ጠባይ ማጣራት፣ መህሯን ማስከበርና ችግር ሲመጣ ከጎኗ መቆም ነው። በ1992 ዓ.ል. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም የሁለቱን ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል።

እናቶችና አባቶች! የልጃገረድ ዝምታ እንደ ፈቃድ እንደሚቆጠር በሐዲስ ተነግሯል። ያ ግን የሐፍረት ዝምታ ነው፤ የፍርሃት ዝምታ አይደለም። ሽማግሌው ሳሎን ተቀምጦ፣ ቡናው ተፈልቶ ሳለ ብትጠየቅ እንዴት እምቢ ትላለች? ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት እናቷ ወይም አክስቷ ለብቻዋ ትጠይቃት። እምቢ ብትልም ፊታችሁን አታጥቁሩባት። ሙሽራው ውጭ አገር ሆኖ ኒካሑ በውክልና የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ወጣቶች! እናንተም ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ለቤተሰብ አታርዱ። ትዳር ሲናወጥ የሚያስታርቀው፣ ልጅ ሲወለድ የሚያርሰው፣ ሐዘን ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ዘመድ ነው። በመጀመሪያው ያልተማከረ ሰው በመጨረሻው ለመግባት ይከብደዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የምክክር ቤት ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።